ጊደሯ

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ሕግ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ ሕግ አዋቂ አይደለሁም ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር። አላመለጥሁም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ታገሠኝ፤ እኔ ሕጉን ያወቅሁት በአንዲት ጊደር በኩል ነው። ጊደሯም የእናቴ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አገር ቤት ነበርሁ። አገር ቤት ስል ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ተሂዶ የሚደረስ ቀበሌ ነው። ያ ክረምት እንዴት ያለ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ ከተማው ሰልፍ፣ መንገዱ ፍተሻ፣ የሰዉ ወሬ ሁሉ ሹክሹክታ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ወረዳው ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን አፉ አያርፍም። ያየውን ይናገራል፣ የተናገረውን ደግሞ በስልኩ ይጽፋል። እናቴ ይኸን ታውቃለች።

መስከረም ላይ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስነሣ እናቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ሻንጣዬ ጣራ ላይ ሲጫን ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ሳብ አደረገችኝ።

«ስትደውል ስለ ወንድምህ እንዳትጠይቀኝ» አለችኝ።

«ታዲያ ደኅንነቱን በምን ልወቅ?»

«ስለ ጊደሯ ጠይቀኝ። ጊደሯ ደኅና ናት ካልሁህ ደኅና ነው።»

ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ፣ ጉልበቷን ስሜ ተሳፈርሁ፣ ነገሩም ከአባይ በረሃ ሳልወጣ ከአእምሮዬ ወጣ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ምስጢር በሽፍን መላክን ከማንም አልተማረችም። ግን ምርጫዋ የብልህ ነበር። ምክንያቱም ጊደሯ በእውን አለች፤ ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ገና ያልተጠቃች፣ ከአጥር አልፋ የሰው እህል እየበላች ስንት ጊዜ ከጎረቤት ያጣላችን ጊደር ናት። ማንም ቢሰማ ወሬው የገበሬ ወሬ ነው። ችግሩ፣ በጣም ጥሩ ሽፍን ነበረ። እኔን ራሴን እስኪያታልለኝ ድረስ ጥሩ።

መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ የቀረን ተራው ስልክ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ከምሳ ሰልፍ መኻል ቆሜ፣ አንድ እጄ ትሪ ሌላው ደብተር ይዞ፣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ይኸ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ እናቴ ሂሳብ ስለምትሳሳ አንድ ጊዜ አስጩኻ ትዘጋለች እንጂ ራሷ ደውላ አታወራም። የዚያን ቀን ግን አልዘጋችም።

«ጊደሯ ጠፋች» አለችኝ።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ።»

«ፈለጋችኋት?»

«ያልገባንበት የለም።»

ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ገፋ አደረገኝ። በማግሥቱ ፈተና አለብኝ። እኔም ትልቅ ሰው መሆኔን ላሳያት ብዬ ድምፄን አጎርንኜ፣ «በቃ እማ፣ ምን ይደረጋል። አትዘኚ። ሌላ ይገዛል» አልኋት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ።

«እሺ ልጄ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ምሳዬን በላሁ። ማጥናቱንም አጠናሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም ከእንቅልፌ ባነንሁና፣ ዶርም ውስጥ ሰባት ሰው እያንኮራፋ፣ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ጊደሯ። የአውቶቡሱ ጡሩንባ፣ የሻንጣው ገመድ፣ ክንዴን የያዘው እጇ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። ልጇ የጠፋባትን እናት «ሌላ ይገዛል» ብያታለሁ።

ደወልሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እስኪነጋ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ቀበሌ መብራት አልነበረም፤ ስልክ የሚሞላው የገበያ ቀን ከተማ ተወርዶ ነው። ጀግና ብሆን ኖሮ ፈተናውን ትቼ እሄድ ነበር። አልተውሁትም። ተፈተንሁና በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ተሳፈርሁ።

እናቴን ያገኘኋት ምድጃው ዳር ነው። ስማኝ፣ ውሃ አስመጥታ እግሬን አሳጠበችኝና ከዚያ በኋላ ነገረችኝ። ወንድም ጋሼን ከተከራየበት ቤት ሌሊት ወስደውታል። የወሰዱትን ሰዎች እዚህ አላነሣም፤ የኔ ጉዳይ ከነሱ ጋር አይደለም። ከአርባ ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እንደ ዱሮው ሳይሆን ቃል እየቆጠረ የሚናገር ሆኖ። ስለ ምን እንደተወሰደ እሱም በቅጡ አልገባውም። እኔ መመለስ ያቃተኝ ሌላ ነገር ነው።

«እማ» አልኋት ያን ማታ፣ «‹ሌላ ይገዛል› ስልሽ እንኳ፣ ‹አንተ ወንድምህ ነው እኮ› ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«ሰው እየሰማን?»

«ማን ነው የሚሰማን?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «የሚሰማው።»

አንባቢዬ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የአንዲት ገበሬ ሴት ስልክ ማን ሥራዬ ብሎ ያዳምጣል? ምናልባት ማንም አላዳመጠም። ኖሮ ከሆነም የሰማው ስለ ጠፋች ጊደር ነው፤ ያ ሰው ምንም አላተረፈም። የከሰርነው እኔና እናቴ ነን። በክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅ እየፈታሁ ነጥብ የማገኝ ሰው፣ የገዛ እናቴ የሰጠችኝን ሰሙን ውጬ ወርቁን ጣልሁት። ሰምና ወርቅ ደስ የሚለው ተናጋሪው በፈቃዱ ሲሸፍነው ነው። በፍርሃት የተሸፈነ ነገር ወዳጅንም ጠላትንም እኩል ያታልላል።

ከዚያ በኋላ ነው የማያገባኝን ነጋሪት ጋዜጣ ማገላበጥ የጀመርሁት። መጀመሪያ የገረመኝ መልካሙ ነገር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ላይ፣ ሰው የሚጻጻፈው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር አድርጎ ጽፏል። እናቴ ብታነበው ኖሮ «እንዲህ ከሆነማ» ትል ነበር። ግን አንቀጹ ዝቅ ሲል በር ይከፍታል፤ አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ለአገር ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከል፣ በዝርዝር ሕግ ሊገደብ ይችላል ይላል። በር የሌለው ቤት የለምና በዚህ አልተቆጣሁም። የፈለግሁት ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ በአንቀጽ 14፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክም፣ ፋክስም፣ ኢንተርኔትም፣ ፖስታም መጥለፍ እንዲቻል ፈቀደ። እዚህ ድረስ ዳኛ አለበት። ወደ አንቀጽ 23 ሲወረድ ግን፣ ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ያልተገለጸ የስለላ ሪፖርት በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆን ይችላል ይላል። እንግዲህ ዳኛው መግቢያው ላይ ቆሟል፤ መውጫው ላይ ግን «በየት በር ገባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ጠበበ። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

በ2008 ዓ.ም.፣ የኛ ጊደር በጠፋች ሰሞን ማለት ይቻላል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ወጣ። በዚህ አዋጅ አገልግሎት ሰጪው የግንኙነቱን ዱካ ለአንድ ዓመት ያስቀምጣል። ዱካ ማለት የተባለው ቃል ሳይሆን ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳልፎ እንዳይሰጥም ያዝዛል፤ ይኸ ደግ ነው። አንቀጽ 25 ደግሞ በቀጥታ ስለ መጥለፍ ይናገራል። መንገዱ በፍርድ ቤት ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ መሠረተ ልማትን ሊጎዳ የሚችል ወንጀል አጣዳፊ ሲሆን፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አስቀድሞ ፈቅዶ፣ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል። ጆሮው ይቀድማል፣ ዳኛው ይከተላል።

ይኸ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ከወረቀት የወረደበትንም ጊዜ አይተናል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሽብር ሕጉ ሲከሰሱ ከተጠቀሰባቸው ነገር አንዱ፣ መልእክታቸውን ከሌላ ጆሮ ለመጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ገሚሶቹ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከእስር ወጡ። እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነጥብ ነው። ቤቱን መዝጋት ራሱ ጥርጣሬ ከሆነ፣ እናቴም በጊደሯ ተከሳሽ ልትሆን ትችል ነበር።

ባሕር ማዶ መሻገርም አያድን ኖሯል። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ላይ ክስ አቀረበ። ክሱ እንደሚለው ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ በቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ገብቶ፣ የቤተሰቡን ንግግርና ጽሑፍ እየቀዳ ወደ ኢትዮጵያ ያስተላልፍ ነበር። ከተወሰደው ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ስለ ስፖርት ሕክምና የፈላለገው ይገኝበታል። አባትዬው ወዳጅ ዘመዱን ላለማስጠቃት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ እንኳ በእውነተኛ ስሙ አልገባም፤ «ኪዳኔ» በሚል የብድር ስም ነው የተሟገተው። እ.ኤ.አ. በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለምና ባዕድ መንግሥትን ለመክሰስ አይበቃም ብሎ ዘጋው። የልጁ የቤት ሥራ ማንን ያሰጋ እንደነበር የጠየቀ ዳኛ ሳይኖር መዝገቡ ተዘጋ።

የኛ ብቻ አበሳ እንዳይመስልህ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ፣ ሰው በኢንተርኔት የት የት እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ኩባንያዎች እስከ አሥራ ሁለት ወር እንዲያስቀምጡ ማዘዝ ይቻላል። በጀርመን ግን የሁሉም ሰው የስልክ ዱካ ለስድስት ወር ይቀመጥ የሚለውን ሕግ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ያለ ጥርጣሬ የሁሉም ሰው ዱካ ሲቀመጥ፣ ሰው መታየቱን እርግጠኛ ሳይሆን የመታየት ስጋት ያድርበታል፤ ይኸም መብቱን በነፃነት እንዳይጠቀም ያደርገዋል የሚል ነው። ካባ የለበሱት ዳኞች በብዙ ገጽ ያሉትን እናቴ ምድጃ ዳር ሆና በአንድ ቃል ብላዋለች። «የሚሰማው።»

አሁን «ታዲያ ወንጀለኛስ በምን ይያዝ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው የጤና ነው፤ እኔም አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ፣ አምና አንድ ሰው ደውሎ «ሎተሪ ደርሶዎታል» ብሎ የጥጃ ሽያጭ ብሯን በስልክ ልካለት ቀረች። ብሩ ባይመለስም ሰውዬው የተገኘው በዚሁ በስልክ ዱካ ነው። ስለዚህ ዱካ የሚባል ነገር ፈጽሞ አይኑር አልልም። የምለው ቀላል ነው። ስሙ የታወቀ ተጠርጣሪ ይኑር፤ አገሩ ሁሉ ተጠርጣሪ አይሁን። ዳኛው ከጆሮው ይቅደም። ነገሩ ሲያልፍ ደግሞ ለተሰማው ሰው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሰምተንሃል፤ ምክንያቱ ይኸ ነበር» ተብሎ ይነገረው። እናቴን አንድ ሰው መጥቶ «እትዬ፣ ማንም አልሰማዎትም» ቢላት ኖሮ፣ ወይም «አዎ ሰምተንዎታል» እንኳ ቢላት፣ ከሁለቱ አንዱ ከዚህ ካለማወቅ ይሻላት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መልካም ጅምር ነው። ሳነበው ግን ቋንቋው ራሱ አራቀኝ፤ «የግል መረጃ» ይላል። በእናቴ አማርኛ ለዚህ የቆየ ቃል አለ፤ ገበና ይባላል። ገበና ወንጀል አይደለም። ጨው ያለቀበት ወጥ ገበና ነው። የባልና የሚስት ኩርፊያ፣ ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ብር፣ ያልዳነ ቁስል፣ ልጅ ለእናቱ ብቻ የሚነግረው ነገር ገበና ነው። «የምትደብቀው ከሌለ ምን ያስፈራሃል?» የሚሉ ሰዎች መደበቅንና መሸፈንን አንድ ያደርጉታል። መሶብ ክዳን የተደረገለት እንጀራው የተሰረቀ ስለሆነ አይደለም።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ይችላል። ግን ሁሉን ነገር ሆድ ውስጥ አስቀርቶ የሚኖር ቤተሰብ ቀስ በቀስ እርስ በርሱ እንግዳ ይሆናል። እኔና ወንድም ጋሼ ዛሬ ስንደዋወል ስለ ዝናብ እናወራለን። በስልክ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠንም ስለ ዝናብ ነው የምናወራው። ምላሳችን ለመደ። ሕጉ ቢሻሻልም፣ ሰሚው ወንበሩን ትቶ ቢሄድም፣ የለመደ ምላስ በአዋጅ አይፈታም። ለዚህ ነው ይኸን ዓይነት ሕግ ሲወጣ ስንት ወንጀለኛ እንደሚያስይዝ ብቻ መቁጠር የማይበቃው። ስንት ቤት ውስጥ ስለ ዝናብ ብቻ እንደሚወራ ማን ይቆጥረዋል?

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ደወልሁ። ጤናዋን ጠየቅሁ፣ እህሉን ጠየቅሁ፣ የወንድም ጋሼን ልጅ ክትባት ጠየቅሁ። በመኻሉ ስለዚህ ጽሑፍ እያሰብሁ ነበርና ሳላስበው አመለጠኝ።

«ጊደሯስ ደኅና ናት?»

መንገድ ላይ የጠፋ ሰው እንደሚቆም ዝም አለች። የዚያ ዘመኗ ጊደር፣ ያቺ ግንባረ ቦቃ፣ ጠፍታም አታውቅ፤ ሦስት ጊዜ ወልዳ አርጅታለች። በረት ውስጥ ደግሞ ሌሎች ጊደሮች አሉ።

«የትኛዋ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የእውነቷን ብዬ ልመልስላት ፈለግሁ። ከብቷን ነው እማ፣ ሌላ ነገር የለውም ልላት ፈለግሁ። ግን ይኸንንስ በስልክ ብላት ታምነኛለች? «ተይው እማ» አልኋት። «ስመጣ አያታለሁ።»